የውሰት ፍየሌ ጨጓራ

ጨጓራ ኖሮበት የማያውቅ ሰው ይህን ጽሑፍ ዘሎ ቢያልፈው አልቀየምም። ለነገሩ እንዲህ ያለ ሰው ይኖራል ብዬም አላምንም። እኔ በምኖርበት በሞያሌ፣ በኬንያው በኩል፣ ሰው ሲተዋወቅ ከስሙ ቀጥሎ የሚያስተዋውቀው ጨጓራውን ነው። "የእኔ ባዶ ሆድ አይወድም" ይላል አንዱ። "የእኔ ደግሞ ቲማቲም አታሳዩት" ይላል ሌላው። በር ላይ ቆሞ የሰማ ሰው ስለ ልጆቻቸው አመል የሚጨዋወቱ ይመስለዋል። የእኔው በርበሬ፣ ቡና፣ ንዴትና ተሳስቶ የተጻፈ ማስታወቂያ አይወድም። በርበሬውንና ቡናውን ትቻለሁ። ንዴቱን ለመተው እየሞከርኩ ነው። የማስታወቂያው ነገር ግን ከአቅሜ በላይ ነው፤ ድንበር ላይ የሚኖር ሰው በአራት ቋንቋ ተሳስቶ የተጻፈ ነገር በየበሩ ያጋጥመዋል።

ዛሬ የማወራው ግን ስለ እኔ ጨጓራ አይደለም፤ ስለ አንዲት ፍየል ጨጓራ ነው። ሳቁ፣ ግድ የለም። እኔም ሳወራው ግማሹ ያስቀኛል። የሚያስቸግረኝ ሌላው ግማሽ ነው።

ደብተርና እስክርቢቶ የምሸጥባት፣ ፎቶኮፒ የማነሣባት ጠባብ ሱቅ አለችኝ። ትምህርት የጀመርኩት እኩዮቼ ልጆቻቸውን በሚያስመዘግቡበት ዕድሜ ነው። ዘግይቶ ፊደል የቆጠረ ሰው አንድ በሽታ አለበት፤ የተጻፈ ነገር ሁሉ ለእሱ በግሉ የተላከለት ይመስለዋል። የሳሙና መጠቅለያ አነባለሁ። የክብሪት ሳጥን አነባለሁ። ከመድኃኒት ካርቶን ውስጥ የሚወጣውን፣ ሌላው ሰው ሳይዘረጋው የሚጥለውን ስስ ወረቀት እስከ ታችኛው መስመር አነባለሁ፤ አንብቤም ለሌላው አነብለታለሁ፣ ፈለገም አልፈለገም። ጎረቤቶቼ "ምዋሊሙ" ይሉኛል፤ በስዋሂሊ መምህር ማለት ነው። አንድም ሰው አስተምሬ አላውቅም። ያረምኩት ግን ብዙ ነው።

ጎረቤቶቼ ያልኳችሁ ሁለት ናቸው። በግራ ጋሽ ተክሌ አሉ፤ ከደጋ ወርደው እዚህ ያረጁ፣ አነስተኛ ሆቴል ያላቸው፣ ስለ ጉልበታቸው ሳያወሩ ሰላምታ የማይጨርሱ ሰው። በቀኝ ሐሊማ አለች፤ ጠዋት ኢትዮጵያ፣ ከሰዓት ኬንያ የምትውል የጨርቅ ነጋዴ፣ ምላሷ ከመቀሷ የሰላ። ሁለቱም ደግ ሰዎች ናቸው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ወደ ኋላ ላይ እንዳትፈርዱባቸው ብዬ ነው።

ፍየሏን ያመጡልኝ አዴ ሎኮ ናቸው፤ አዴ በኦሮምኛ እናት ማለት ነው። ከከተማው ብዙም ካልራቀችው ከኦዳ የሚመጡ የቦረና ሴት ናቸው፤ ወተት ይዘው ገበያ ሲመጡ፣ ሸጠው ከጨረሱ በኋላ ፀሐዩ እስኪበርድ ሱቄ ደጃፍ ላይ ያርፋሉ። ብዙ አናወራም። እኔ አነባለሁ፣ እሳቸው መንገዱን ያያሉ። ከሰው ጋር ዝም ብሎ መቀመጥ እንዴት እንደሚያሳርፍ የሚያውቀው ዝምተኛ ሰው ብቻ ነው። አማርኛቸው የገበያ አማርኛ ነው፤ ሴቱንም ወንዱንም "እሱ" ይሉታል። እዚህ ከተማ ውስጥ አማርኛውን ያላረምኩበት ሰው ቢኖር እሳቸው ናቸው።

አንድ ቀን ሆዴን ይዤ ጎንበስ እንዳልኩ አገኙኝ።

"ማል ታኤ? ምን ሆንሽ?"

"ጨጓራዬ ነው፣ አዴ።"

"ወተት ትጠጫለሽ?"

"ስገዛ አዎ።"

ራሳቸውን ነቀነቁ። እሳቸው ራሳቸው ወተት ሻጭ ሆነው፣ ወተት እየገዛ የሚጠጣ ሰው ግን ዘመድ የሌለው ሰው ይመስላቸዋል። በሚቀጥለው ገበያ አንዲት አመድማ ፍየል በገመድ እየሳቡ መጡና ገመዱን እጄ ላይ አኖሩት።

"ዳለቲ ነው ስሙ። ወተቱ ያንቺ። ፍየሉ የኔ። ግልገል ከወለደ የኔ።"

እንዲህ ያለው ማዋስ የቦረናዎች ልማድ ነው። የሚታለብ ነገር የሌለው ሰው ሲያዩ አንድ የምትታለብ እንስሳ ያውሱታል፤ እሱ ይጠጣል፣ እንስሳዋ ግን የባለቤቷ እንደሆነች ትኖራለች። ውል አይጻፍም፣ ምስክር አይጠራም። እኔ ደግሞ ያልተጻፈ ነገር ያስጨንቀኛልና "አዴ፣ ሕጉ ምንድን ነው? ምን ላድርግ? ምን አላድርግ?" ብዬ ጠየቅኩ።

"አንድ ነው ሕጉ" አሉ። "ካስነጠሰ ሰው ላኪብኝ።"

"ስታስነጥስ ብቻ?"

"ካስነጠሰ። ካነከሰ። ካኮረፈ። ሰው ላኪ፣ እኔ እመጣለሁ። በቃ።"

እንዲህ ቀላል ሕግ በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም። ምናልባት ጥፋቱ እዚያ ላይ ነው። ረጅም ቢሆን ኖሮ ደጋግሜ አነበው ነበር።

ዳለቲ ሱቄ ደጃፍ ባለው እንጨት ላይ ታስራ መዋል ጀመረች። ጠዋት ጠዋት ወተቷን እጠጣለሁ፤ ጾም ሲሆን ለሐሊማ ልጆች ይሄዳል። ሆዴ ሰው ሆነ። ከወተቱ በላይ ደግሞ አድማጭ አገኘሁ። ጋዜጣ ጮክ ብዬ ሳነብላት ጆሮዋን ታዞራለች። አንድ ጊዜ እንዲያውም ርዕሰ አንቀጹን ከእጄ ቀምታ በላችው። እኔም አንብቤው ስለነበር አልፈረድኩባትም።

የችግሩ ሥር የፍየሏ ተወዳጅነት ነው። የሚያልፍ የሚያገድመው ሁሉ ያጎርሳታል። አንዱ የቻፓቲ ቁራሽ፣ ሌላው የጫት ገረባ፣ ሌላው የሙዝ ልጣጭ። ኬንያ በዚህ በኩል ፌስታል ብትከለክልም ፌስታል ፓስፖርት አይጠየቅምና ድንበሩን ተሻግሮ ይመጣል፤ እሱንም ታኝካለች። አንድ ቀን ተነሣሁና በቆንጆ ጽሕፈት፣ በአራት ቋንቋ፣ ማስታወቂያ ጻፍኩ። "ለፍየሏ ማንኛውንም ነገር ያለ ፈቃድ መስጠት በጥብቅ የተከለከለ ነው።" ግድግዳው ላይ ለጠፍኩት።

ሐሊማ ቆማ አየችው። "ምዋሊሙ፣ ለፍየሏም ጻፊላት እንጂ። ወይስ እሷ ማንበብ አልጀመረችም?"

"ለሚያነቡት ነው የጻፍኩት።"

"እንግዲያው ለራስሽ ብቻ ነው የጻፍሽው።"

ማስታወቂያውን ያላከበረ ሰው ሲገኝ በቃልም አስረዳለሁ። ጋሽ ተክሌን እንኳ፣ በዕድሜ አባቴ ሊሆኑ የሚችሉትን ሰው፣ ለፍየሏ የሽሮ ፍርፋሪ ሲሰጡ አግኝቼ ስለ አመንዣኪ እንስሳት የምግብ አፈጫጨት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አስረድቻቸዋለሁ። እሳቸው ቆመው ሰሙኝ፤ ጉልበታቸውን እያሹ። ከዚያ ወዲህ በእኔ ፊት ለፍየሏ ምንም የሚሰጥ ሰው ጠፋ። ያን ጊዜ ያሸነፍኩ መስሎኝ ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንድ ቱክቱክ ወደ ኋላ ሲል ፍየሏን ሊነካት ምንም አልቀረውም። ደንግጣ ዘለለች፣ ገመዱ ያዛት፣ የፊት እግሯ ተጠማዞባት ወደቀች። ስትነሣ ታነክሳለች።

ሕጉን ታውቃላችሁ። እኔም አውቀዋለሁ። ወደ ኦዳ የሚሄድ ሰው በሱቄ ደጃፍ ሳያልፍ የሚውልበት ቀን የለም፤ "ለአዴ ሎኮ፣ ዳለቲ አነከሰች በልልኝ" ማለት ብቻ ነበር። ግን እንዴት ብዬ? ባዶ ጭንቀት ብቻ ልኬ? መልሱን ሳይሞሉ የፈተና ወረቀት እንደ ማስረከብ ሆነብኝ። እኔ የምፈልገው "አንክሳ ነበር፣ አክሜያት ድናለች" ብሎ ነገሩን ከነመልሱ መላክ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ላድናት ወሰንኩ።

መሳቢያዬ ውስጥ የእኔ የሕመም ማስታገሻ ነበረ። ዲክሎ ይሉታል እዚህ፤ ወገቡን ያመመው፣ ጥርሱን ያመመው፣ ጉልበቱን ያመመው ሁሉ የሚውጠው ነው። ለእኔ ሐኪም ከልክሎኛል። "ለአንቺ ጨጓራ ይህ እሳት ነው" ብሎኛል፣ በጆሮዬ። ታዲያ ለፍየሏ እንዴት ሰጠሻት? ትሉኝ ይሆናል። በትምህርት ነው የሰጠኋት። ከተማርኩት የሳይንስ መጽሐፍ ውስጥ አንድ ነገር ትዝ አለኝ፦ ፍየል አመንዣኪ ናት፤ ሆዷ አራት ክፍል አለው። እኔ አንድ ሆድ ይዤ ነው የተቸገርኩት። እሷ አራት አላት። አንዱ ቢቆጣ ሦስቱ ያስታግሡታል ብዬ አሰብኩ።

ለማንኛውም ብዬ ከካርቶኑ ውስጥ ያለውን ወረቀት አነበብኩት። ለነፍሰ ጡር፣ ለአስም ሕመምተኛ፣ ለሕፃናት፣ ጨጓራ ላለበት ሰው አይሰጥም ይላል። ስለ ፍየል አንድም ቃል የለበትም። ጠንቃቃ አንባቢ ስለሆንኩ፣ ያልተከለከለ ማለት ነው ብዬ ተረጎምኩት።

መጠኑንም በግምት አላደረግኩትም። ፍየሏን አቅፌ የእህል ነጋዴው ሚዛን ላይ ወጣሁ፤ ከዚያ ብቻዬን ወጣሁና ቀነስኩ። መንገደኛው ቆሞ እስኪስቅ ድረስ። "ምዋሊሙ ፍየል ልትሆን ነው ወይስ ፍየሏ ምዋሊሙ?" አለ አንዱ። እኔ ግን ክብደቷን ከሰው ክብደት ጋር አነጻጽሬ፣ ክኒኑን በምላጭ ከፍዬ፣ በሙዝ ቁራጭ ጠቅልዬ አጎረስኳት። ጠዋት አንዴ፣ ማታ አንዴ። በጥንቃቄ ያጠፋ ሰው እንዴት እንደሚኮራ ብታዩኝ ኖሮ!

እግሯ ተሻላት። አዴ ሎኮ ዘንድ የምልከውን የምሥራች በልቤ ማረም ጀመርኩ። ከዚያ ዳለቲ ጠባይዋ ተለወጠ። ጆሮዋን ማዞር ተወች። ጋዜጣ ባቀርብላት ፊቷን መለሰች። ጀርባዋን ቆልምማ፣ አራት እግሯን ሰብስባ፣ አንገቷን ደፍታ ጥርሷን ታፋጫለች።

ያንን አቋቋም አውቀዋለሁ። የእኔ ነው። ጠዋት ጠዋት፣ ምንም ሳልቀምስ፣ ሱቄን ስከፍት የምቆመው እንደዚያ ነው። ፍየሏ ጨጓራዬን ልታድን መጥታ ጨጓራዬን ወሰደችው አልኩ በልቤ።

ታዲያ ጨጓራ መሆኑን ካወቅኩ ክኒኑን ማቆም አልነበረብኝም? ነበረብኝ። እኔ ግን ሕመሟን እንዲያስታግሥላት ብዬ ቀጠልኩበት፤ ለጨጓራው ደግሞ ለብቻው ሕክምና ጀመርኩ። የራሴን ነጭ ሽሮፕ በማንኪያ ሰጠኋት፤ ግማሹን ነጠላዬ ላይ ተፋችው። ጋሽ ተክሌ በበሩ ሲያልፉ አዩን።

"ምን ሆነችብሽ፣ እሜቴ?"

"ጨጓራ ሳይሆን አይቀርም።"

"ታዲያ ተልባ ነዋ! እኔን ያኖረኝ ተልባ አይደለም እንዴ?"

ተልባ አመጡ። በጠርሙስ አጠጣናት። ጢሟ ላይ የተልባው ልጋግ ተንጠልጥሎ ቀረና አንድ የተከበረ ሽማግሌ ንፍጥ የያዘው መሰለች። ሐሊማ ደግሞ "ተልባ ለክርስቲያን ነው፤ ለእሷ ጥቁር አዝሙድ በማር ነው" ብላ የራሷን አመጣች። ፍየሏ ሃይማኖት ሳትለይ ሁሉንም ዋጠች። እኛም ሦስታችን ከበናት ቆመን፣ ስለ ጨጓራ የምናውቀውን ሁሉ፣ ማለትም ሁሉንም ነገር፣ ስንከራከር ዋልን።

በማግስቱ በጠጧ ጠቆረ። እንዴት ልበላችሁ፣ የፍየል በጠጥ መሆኑ ቀርቶ ከኢሲዮሎ ከተማ እስከ እኛ የተዘረጋውን አስፋልት ገና ሲያፈሱት መሰለ፤ ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ፣ የሚጣበቅ። እኔ ተልባው ነው አልኩ። ሐሊማ ጎንበስ ብላ በእንጨት ነካ አደረገችውና ቀና አለች። ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷ ላይ ቀልድ አጣሁ።

"ምዋሊሙ፣ ይህ ደም ነው" አለች። ስልኳን አውጥታ የእንስሳት ሐኪም ጠራች።

ሐኪሙ በቦዳቦዳ ሞተር መጣ። ወጣት ነው፤ ስዋሂሊውን፣ ኦሮምኛውንና አማርኛውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ የሚያስተናግድ የሞያሌ ልጅ። የፍየሏን የዓይን ቆብ ወደ ታች ሳብ አድርጎ አሳየን። ቀይ መሆን ያለበት ሥጋ ነጭ ሆኗል፣ እንደ ወረቀት።

"ደም እየፈሰሳት ነው፣ ማማ፤ ከውስጥ። ፌስታል በልታለች?"

"ማስታወቂያ ለጥፌያለሁ" አልኩ።

ማስታወቂያውን አየው፣ እኔን አየኝ። "ሆዷን የሚመጥ ትልም ሊሆን ይችላል። ግን እንዲህ በአንዴ... ዳዋ ሰጥታችኋታል? የሰው መድኃኒት?"

እኔ ለእውነት የቆምኩ ሰው ነኝና ጉሮሮዬን ጠረግኩ። የመድኃኒቱን ስም፣ ክብደቷን፣ የክፍፍሉን ስሌት፣ ጠዋትና ማታ የሚለውን ሁሉ ሳልሳሳት ነገርኩት። ሐኪሙ በጥሞና ሰማኝ።

"ይህ መድኃኒት ለፍየል አይሰጥም" አለ። "ግን በዚህ መጠን ብቻ እንዲህ ባልሆነች ነበር።"

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝላችሁ፦ ለቅጽበት ደስ አለኝ። ስሌቴ ትክክል ነበር ማለት ነው።

ያኔ ሐሊማ አሳለች። "እኔም ሰጥቻታለሁ" አለች፣ መሬት መሬቱን እያየች።

"ምን?"

"ያንኑ። ዲክሎውን። በተምር ውስጥ አድርጌ።"

"ሐሊማ! መቼ?"

"ወደ ማዶ ስሻገር። ስታነክስ አሳዘነችኝ።"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ብነግርሽ ማስታወቂያ ልትለጥፊብኝ? ያን የክኒን ወረቀት ደግሞ በአራት ቋንቋ ልታነቢልኝ? እኔ ሰው ነኝ፣ እቃ አወርዳለሁ፣ ጊዜ የለኝም።"

ልመልስላት አፌን ስከፍት ጋሽ ተክሌ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ባርኔጣቸውን የሚያወልቁት ለቤተ ክርስቲያንና ለለቅሶ ብቻ ነው።

"እንግዲህ... እኔም እንኳ..."

"ጋሽ ተክሌ፣ እርስዎም?"

"የጉልበት ነገር ነው ብዬ ነዋ፣ ልጄ! ጉልበት እኔ አውቀዋለሁ። ለእኔ የታዘዘልኝን፣ በዳቦ ውስጥ። ዳቦው ፍርፋሪ አይደለም፤ ንጹሕ ዳቦ ነው።"

"ስንት ስንት አደረጉላት?"

"እንደ እኔው ነዋ። ሰውስ ለሰው የሚያዝነው እንደ ራሱ አይደል?"

ሐኪሙ እጁን ፊቱ ላይ አድርጎ ጥቂት ቆየ። የሚስቅ መስሎኝ ነበር። ሲያወርደው እየሳቀ አልነበረም።

"እዚህ ግቢ በሽተኛው ማን ነው?" አለ።

"አራት ሆድ አላት ብዬ ነው" አልኩ፣ በቀጭን ድምፅ።

"ማማ፣ ሦስቱ የሣር መጋዘን ናቸው። አራተኛው ልክ እንደ አንቺው ነው፤ አሲድ የሚያመነጨው፣ የሚቆጣው፣ የሚቆስለው እሱ ነው። ሁላችሁም መድኃኒቱን የላካችሁት ለእሱ ነው።"

መርፌ ወጋት። በደም ሥሯ ፈሳሽ ሰጣት። ክኒን የሚባል ነገር እንዳይደርስባት፣ ተልባውም ማሩም እንዲቆም፣ ለስላሳ ቅጠልና ንጹሕ ውኃ ብቻ እንዲቀርብላት አዘዘ። "ትድናለች?" ስለው "ቁስሉ ከዘጋ" ብሎ ትከሻውን ነቀነቀ። ሞተሩ ላይ ሊወጣ ሲል ዞር አለ።

"ያንቺ ናት?"

"አይደለችም። የውሰት ናት። የኦዳ ሴት ናቸው ባለቤቷ።"

"ባለቤቷ ታውቃለች?"

ሐሊማም ጋሽ ተክሌም እኔን አዩኝ። ሐኪሙ ሞተሩን አስነሣ። "ፖሌ፣ ማማ" ብሎ ሄደ። አይዞሽ ማለት ነው።

ወደ ኦዳ በሚሄድ ቱክቱክ መልእክት ላክሁ። ብዙ አማራጭ አዘጋጅቼ ነበር፤ ሁሉም ሰዋስዋቸው የተስተካከለ። ሹፌሩ ሞተሩን አስነሥቶ ሲጠብቀኝ ከአፌ የወጣው ግን "ይምጡ በላቸው፣ በእመቤቴ፣ ይምጡ" ብቻ ሆነ።

አዴ ሎኮ ፀሐይ ሳይጠልቅ ደረሱ። ፍየሏን ከፀሐይ ወደ ሱቁ ውስጥ አስገብቻት፣ በደብተር ካርቶኖች መካከል ተኝታለች። እኔን አላዩኝም። መሬት ተቀመጡ፣ መዳፋቸውን ሆዷ ላይ አኖሩ፣ በኦሮምኛ ቀስ ብለው አናገሯት። ፍየሏ ጆሮዋን አዞረች። ከታመመች ጀምሮ ለማንም አላዞረችም ነበር።

ሁሉንም በቅደም ተከተል ነገርኳቸው፤ ቱክቱኩን፣ ክኒኑን፣ ሚዛኑን፣ ተምሩን፣ ዳቦውን። የሌሎቹንም ስናገር፣ ሐቁን ንገሪን ካላችሁኝ፣ ድምፄ ትንሽ ከፍ ብሎ ነበር። አዴ ሎኮ እስክጨርስ ሰሙኝ።

"ይኼ ሁሉ ገባኝ" አሉ። "ክኒኑ ገባኝ። ሰው አያውቅም፣ ይሰጣል። እኔ ያልገባኝ አንድ ነው። ፍየሉ አነከሰ፣ አየሽ። ለምን አልላክሽም?"

"ላስጨንቅዎት አልፈለግኩም፣ አዴ። አስተካክዬ ልነግርዎት ነበር።"

"ፍየሉ የኔ ነው?"

"የእርስዎ ናት።"

"ታዲያ ጭንቀቱስ የማን ነው?" ከዚያ በጣም ቀስ ብለው፣ "እኔ ወተቱን ሰጠሁሽ። አንቺ ጭንቀቱን ደበቅሽብኝ" አሉ።

ቢሰድቡኝ እመርጥ ነበር። ስድብ ቢሆን ቢያንስ ቃላቱን ነቅሼ እከራከር ነበር።

አዴ ሎኮ አልሄዱም። ከእኔ ጋር አደሩ፣ ዋሉ፣ ደግሞ አደሩ። ሐሊማ ሱቋን እየዘጋች ለስላሳ ቅጠል ፍለጋ ትዞራለች፤ ጋሽ ተክሌ በየጊዜው ብቅ እያሉ "ተነፈሰች?" ይላሉ፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ ምንም እንዳልያዙ እንዲታይ። ደንበኛ ሲመጣ እስክርቢቶ የምሰጠው በፍየሏ ላይ ተሻግሬ ነው። ማንም ቅር አላለውም። ማንበብ ሞከርኩ፤ ፊደሎቹ አልያዝ አሉኝ። አዴ ሎኮ የዓይን ቆቧን እያሳዩኝ ነጭነቱን አብረን እናያለን። በዚያ መካከል የገባኝ ነገር ክኒኑ አይደለም፤ ክኒኑን ሐኪሙ አስረድቶኛል። የገባኝ፣ ግድግዳ ለግድግዳ ተያይዘን የምንኖር ሦስት ሰዎች አንዲት ፍየል እኩል አሳዝናን፣ እኩል ተደብቀን፣ ያንኑ መርዝ ማጉረሳችን ነው። እነሱ የተደበቁት ከእኔ ነው። እኔ የተደበቅኩት ደግሞ ስህተት ካላረመባት ብቸኛዋ ሴት ነው። ማለቴ፣ ካላረምኳት ብቸኛዋ ሴት። አያችሁ፣ አሁንም ቃሉ ተሳሳተብኝ፤ ይቅር፣ አልደልዘውም።

አንድ ጠዋት ዳለቲ ተነሥታ ቆመች። ሐሊማ ያመጣችውን ቅጠል አሸተተች፣ አንዱን ነጠላ ቅጠል ወሰደችና ለረጅም ጊዜ አኘከችው። አራታችንም ጎንበስ ብለን አየናት። ጋሽ ተክሌ አማተቡ። ሐሊማ "አልሐምዱሊላህ" ብላ፣ ወዲያው ወደ እኔ ዞራ "ምዋሊሙ፣ ይህን ቅጠል በፈቃድ ነው የሰጠኋት" አለችኝ። ሳቅኩ። ከዚያ አለቀስኩ፤ አለቃቀሴ ደግሞ እንደ ሳቄ ስለሆነ ማንም አላስተዋለም።

ዳነች። ወተቷ ግን ደረቀ። ጡቷ እንደ ባዶ ጓንት ተንጠልጥሎ ቀረ፤ ሐኪሙም ይመለሳል ብሎ ተስፋ አልሰጠም። አዴ ሎኮ ገመዱን ፈቱ። ከኦዳ የመጣች ፍየል ወደ ኦዳ መመለሷ ነው፤ ምንም አዲስ ነገር የለውም፤ ግን እጄ ላይ የነበረው ገመድ እጃቸው ላይ ሲገባ መሬቱ ትንሽ ያዘነበለ መሰለኝ። በእግሯ መሄድ ስለማትችል ቱክቱክ ተጠራ። ገና ስታየው ተንቀጠቀጠች። አዴ ሎኮ አቅፈዋት ገቡ።

"አዴ፣ መጥቼ ልያት?"

የፍየሏን ራስ ወደ ደረታቸው አስጠጉ። "ነይ። ኦዳ ሩቅ አይደለም። ግን ባዶ እጅሽን ነይ።"

ለእኛ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ስኳር ሳይዝ፣ ሻይ ቅጠል ሳይዝ፣ ቢያንስ ሳሙና ሳይዝ ሰው ቤት የሄደ ሰው በእኛ ዘንድ ተሰምቶ አይታወቅም። ሐሊማ "እንዲያው አንድ ኪሎ ስኳር እንኳ..." አለችኝ። ጋሽ ተክሌ "በኪስሽም ቢሆን" አሉኝ። እምቢ አልኩ። የሄድኩ ዕለት ግን መንገዱ ሁሉ ሱቅ ሆኖብኝ፣ እጆቼ የማን እንደሆኑ ጠፍቶኝ፣ አንዴ ወደ ኋላ፣ አንዴ ነጠላዬ ውስጥ እያደረግኳቸው ደረስኩ።

አዴ ሎኮ በሩ ላይ ቆመው መጀመሪያ እጄን አዩ፤ ከዚያ ፊቴን። "ግቢ" አሉ።

ዳለቲ ከቁጥቋጦው ሥር መጣች። ከስታለች፤ አጥንቷ ይቆጠራል። መዳፌን አሸተተች፣ ገለበጥኩላት፣ ሌላውንም አሸተተች። ምንም የለም። ትንሽ ቆማ አየችኝና ወደ ቁጥቋጦዋ ተመለሰች። ልጠራት ፈለግኩ፤ ጠርቼ የምሰጣት ስላልነበረኝ ተውኩት።

አዴ ሎኮ ሌላ ፍየል እንድወስድ አልጠየቁኝም። እኔም አላነሣሁትም፤ ከፊታቸው ይህን ያህል አንብቤያለሁ። ጎን ለጎን ተቀመጥን፤ እሳቸው መንጋውን ያያሉ፣ እኔ ደግሞ የማነበው ስላልያዝኩ እሳቸው የሚያዩትን አያለሁ። ፀሐዩ ሲበርድ ተነሥተው ከአንዷ ፍየል አለቡና በእንጨት ጮጮ ይዘው መጡ።

"የዳለቲ አይደለም" አሉ።

በሁለት እጄ ተቀበልኩ። ሞቅ ያለ ነው፤ አረፋው ላይ አንድ ፀጉር ተንሳፍፏል። ፈልቷል ወይ ብዬ አልጠየቅኩም።